ዲስኩ ስም እስኪያገኝ

ከስታዲየም ወደ ቦሌ በሚሄድ ሚኒባስ የተሳፈረ ሰው ረዳቱን «ሁለተኛው ፌርማታ ላይ አውርደኝ» አይለውም። ሁለተኛው የቱ እንደሆነ የሚወሰነው በዕለቱ ተሳፋሪ ነውና። ፍላሚንጎ ጋ ወራጅ ካለ ኦሎምፒያ ሁለተኛ ይሆናል፤ ከሌለ አንደኛ ይሆናል። ስለዚህ «ኦሎምፒያ ወራጅ አለ!» ይባላል፣ አለቀ። ከ2010 በኋላ በነበሩት ዓመታት የቦሌ መንገድ ተቆፍሮ እንደ አዲስ ሲሠራ የመንገዱ መልክ ተለወጠ፣ መታጠፊያው ተለወጠ፣ እግረኛው የሚሻገርበትም ተለወጠ። ኦሎምፒያ ግን ኦሎምፒያ ሆኖ ቀረ። በተራ ቁጥር የሚጠራ ቦታ ቢሆን ኖሮ ያኔውኑ ጠፍቶብን ነበር።

የሊኑክስ ኮምፒውተርን ከሌላ ዲስክ የማስነሳት ታሪክ፣ ጠቅለል አድርጋችሁ ብታዩት፣ ይኸው የአድራሻ ጉዳይ ነው። ሊኑክስ ዲስክን በተራ ቁጥር ከመጥራት ተነስቶ በስሙ ወደ መጥራት ለመድረስ 15 ዓመት ያህል ፈጅቶበታል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩ ከማንም በላይ እኛን ይመለከታል። እዚህ ከተማ ብዙ ኮምፒውተር ያገለገለ ሆኖ ነው የሚገባው። ራም ይጨመርለታል፣ ስክሪኑ ከሌላ ላፕቶፕ ይነቀልለታል፣ መብራት ሄዶ በኃይል ሲመለስ ደግሞ ማዘርቦርዱ ይቃጠላል። ከዚህ ሁሉ መሀል ደህና የሚተርፈው ብዙ ጊዜ ዲስኩ ነው። ዲስኩ ውስጥ ያለው ሥራ ከማሽኑ ጋር ይቀበር ወይስ ሌላ ማሽን ላይ ይነሳ የሚለው ጥያቄ፣ ለአንዳንዱ ሰው የሁለት ዓመት ድካም ጥያቄ ነው።

ከመጀመሪያው እንጀምር። ኮምፒውተር ሲበራ ምንም አያውቅም። ሲስተሙ ያለው ዲስክ ላይ ነው፤ ዲስክ ለማንበብ ግን ሲስተም ያስፈልጋል። «ቡት» የሚለው ቃል ራሱ የመጣው ሰውዬው የገዛ ጫማውን ማሰሪያ ይዞ ራሱን ከመሬት ለማንሳት ሲታገል ከሚያሳይ የእንግሊዝኛ አባባል ነው። እንቆቅልሹን ለመፍታት አይቢኤም በ1981 ባወጣው ፒሲ ላይ ባዮስ የሚባል ትንሽ ፕሮግራም በማዘርቦርዱ ቺፕ ውስጥ አስቀመጠ። የባዮስ ሥራ አጭር ነው፦ የዲስኩን የመጀመሪያ 512 ባይት አንብቦ ሜሞሪ ላይ ያስቀምጣል፣ ከዚያ «በል እንግዲህ ቀጥል» ብሎ ይለቀዋል።

512 ባይት ስንት ነው? በ1983 ሃርድ ዲስክ ያለው ፒሲ ሲመጣ ከዚያው ላይ 64 ባይት ለፓርቲሽን ሰንጠረዥ ተወሰደ፣ 2 ባይት ለማረጋገጫ ምልክት ተያዘ። ለፕሮግራሙ የቀረው 446 ባይት ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ስለሚይዝ፣ ይህ ቦታ የሚችለው 148 ፊደል ብቻ ነው። ሁለት የአማርኛ ኤስኤምኤስ ማለት ነው። ሙሉው ሲስተም የሚነሳው በዚህች መልእክት ነው፤ መልእክቷ ውስጥ ደግሞ ዋናው ነገር አድራሻ ነው፦ ከርነሉ የት ነው? የሲስተሙ ፋይሎች ያሉት የቱ ዲስክ ላይ ነው?

በነሐሴ 1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለጨዋታ ያህል አንድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም እየሠራሁ ነው ብሎ ለዓለም አስታወቀ። የመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚዎች ሊኑክስን የሚያስነሱት በሁለት ፍሎፒ ነበር፤ አንዱ ከርነሉን ይይዛል፣ ሌላው ፋይሎቹን። ከፍሎፒው ይልቅ ፋይሎቹን ከሃርድ ዲስክ እንዲያነብ የፈለገ ሰው ምን ያደርጋል? የቡት ፍሎፒውን ባይት በባይት በሚያሳይ ፕሮግራም ይከፍትና 508ኛውንና 509ኛውን ባይት በእጁ ይቀይራል። የዲስኩ አድራሻ እነዚያ ሁለት ባይቶች ነበሩ።

እዚህ ላይ የምወዳት አንዲት ዝርዝር አለች። በዚያው ዓመት መጨረሻ በወጣው በ0.11 ምንጭ ኮድ ውስጥ በነባሪነት የተጻፈው አድራሻ 306 የሚል የ16 መደብ ቁጥር ነው። ትርጉሙ «የሁለተኛው ሃርድ ዲስክ የመጀመሪያ ፓርቲሽን» ነው። ማለትም ሊኑክስ ገና ጡት ሳይጥል፣ ማንም ምንም ካልነካው፣ ፋይሎቹን የሚፈልገው ከሁለተኛው ዲስክ ነበር። ከሌላ ዲስክ መነሳት ኋላ የተጨመረለት ብልሃት ሳይሆን አብሮት የተወለደ ጠባይ ነው። ችግሩ አድራሻው ላይ ነው፦ «ሁለተኛው» የሚለው ቃል ትርጉም የሚኖረው ያው ማሽን ላይ፣ ያው ኬብል እንደተሰካ እስከቆየ ድረስ ብቻ ነው።

በ1992 ቬርነር አልሜስበርገር ሊሎ የሚባለውን ማስነሻ ሠራ። ሊሎ ስለ ፋይል ምንም አያውቅም። ከርነሉ ዲስኩ ላይ ያረፈባቸውን ቦታዎች በቁጥር መዝግቦ ይይዛል፣ ሲነሳ እነዚያን ቦታዎች እየዞረ ያነባል። ከርነሉን ቀይራችሁ ሊሎን «እንደገና መዝግብ» ካላላችሁት፣ በማግስቱ የሚሄደው ወደ አሮጌው ቦታ ነው። አራቱን የስሙን ፊደላት ስክሪን ላይ የሚጽፈውም እየቆጠረ ነበር፤ እያንዳንዷ ፊደል አንድ ደረጃ መታለፉን ትነግራለች። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፊደላት ብቻ ጽፎ ከቆመ፣ ሁለተኛው የፕሮግራሙ ክፍል ተገኝቶ መሥራት አቅቶታል ማለት ነው። ዲስክ ከማሽን ወደ ማሽን ያዘዋወሩ የዚያ ዘመን ሰዎች እነዚያን ሁለት ፊደላት ሲያዩ ሆዳቸው ባር ባር ይላል።

ኤሪክ ቦሊን በ1995 የጀመረው ግረብ ይህንን ቀየረ። ግረብ የፋይል ሲስተም ማንበብ ይችላል። ስለዚህ ከርነሉን በቦታው ሳይሆን በፋይል ስሙ ይፈልገዋል፤ ካላገኘውም ስክሪኑ ላይ ትእዛዝ እንድትጽፉለት ይጠብቃል። ግማሹ መንገድ ተሄደ። ዲስኩን ራሱን ግን ግረብም ቢሆን ገና በተራ ቁጥር ነበር የሚጠራው፦ ዜሮኛው ዲስክ፣ አንደኛው ዲስክ።

ከርነሉ ውስጥም ነገሩ ያው ነበር። በድሮው ሰፊ ጥብጣብ ኬብል የሚሰካ ዲስክ ኤችዲኤ፣ ኤችዲቢ፣ ኤችዲሲ እየተባለ ይጠራል። ስሙ የሚወሰነው በየትኛው ኬብል እንደተሰካና ከኋላው ያለችው ትንሽ መሰኪያ እንዴት እንደተቀመጠች ነው። በአጭሩ ስሙ የወንበሩ እንጂ የሰውየው አልነበረም። ስካዚ የሚባሉት ዲስኮች ደግሞ ኤስዲኤ፣ ኤስዲቢ ይባላሉ፤ እነሱ የሚሰየሙት ከርነሉ ባገኛቸው ቅደም ተከተል ነው። ቀድሞ የመጣ ኤስዲኤ ይሆናል፤ ልክ የታክሲ ተራ።

ከዚያ ፍላሽ መጣ። ፍላሽም በኤስዲ ቤተሰብ ውስጥ ገባ። በ2007 አካባቢ ትልልቆቹ የሊኑክስ ስርጭቶች የድሮዎቹን ኤችዲዎችም ወደዚሁ ቤተሰብ አዛወሯቸው። በአንድ ዝማኔ የብዙ ሰው ዲስክ ስሙ ተለወጠ። ፍላሽ ሰክቶ ማሽኑን ያበራ ሰው ፍላሹ ኤስዲኤ፣ ሲስተሙ ያለበት ዲስክ ኤስዲቢ ሆኖ ሊያገኘው ይችላል። «ሲስተሙ ኤስዲኤ ላይ ነው» ተብሎ የተነገረው ከርነልም ፍላሹ ውስጥ ገብቶ ይፈልጋል፣ ያጣል፣ ደንግጦ ይቆማል። «ከርነል ፓኒክ» የሚባለው ስሙ ራሱ ድንጋጤ ነው። ዲስኩ እዚያው አጠገቡ አለ፣ አልተነካም። የጠፋው አድራሻው ብቻ ነው።

መፍትሔው ለዓመታት እዚያው ተቀምጦ ነበር። ዩዩአይዲ የሚባለው መለያ በ1980ዎቹ አፖሎ በሚባል የኮምፒውተር ኩባንያ የተጀመረ ሐሳብ ነው፦ 128 ቢት ርዝመት ያለው፣ በዘፈቀደ የሚወጣ፣ ከሌላ ጋር ይገጥማል ተብሎ የማይሰጋ ቁጥር። ቴዎዶር ሶ ለሊኑክስ ፋይል ሲስተም ባዘጋጃቸው መሣሪያዎች አማካይነት እያንዳንዱ ፓርቲሽን ሲፎርማት ይህ ቁጥር ውስጡ ይጻፍበታል። ኡቡንቱ በጥቅምት 2006 ባወጣው 6.10 የዲስኮቹን ዝርዝር የያዘውን ፋይል በዚህ ስም መጻፍ ጀመረ። በ2009 ደግሞ በ9.10 ላይ ነባሪ የሆነው ግረብ 2 ራሱ «ስሙ እንዲህ የሆነውን ፓርቲሽን ፈልግ» ማለት ቻለ። ከዚያ በኋላ ዲስኩ በየትኛውም ቀዳዳ ይሰካ፣ በስንተኛ ተራ ይገኝ፣ ስሙን ከራሱ ጋር ይዞ ይዞራል።

ለእኛ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የቤት ቁጥር በማያሠራበት ከተማ ድርጅቶች ሲጠቀሙበት የኖሩት አድራሻ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው። መሥሪያ ቤቱ ከፒያሳ ወደ ኦሎምፒያ ቢዛወር የሕንፃው አቅጣጫ መግለጫ ይቀየራል፤ ፖ.ሣ.ቁ. ግን ያው ነው፣ ደብዳቤው ይደርሳል። ዩዩአይዲ የዲስክ ፖስታ ሣጥን ነው በሉት።

ምሳሌው አደጋውንም ያሳያል። ዲስክን ሙሉ በሙሉ ወደ ሌላ ዲስክ ስትገለብጡ ስሙም አብሮ ይገለበጣል። ሁለቱንም ሰክታችሁ ማሽኑን ካበራችሁ ሁለት ሰው በአንድ ሣጥን ቁጥር ደብዳቤ የሚጠብቅ ይሆናል። ማሽኑ ከየትኛው እንደተነሳ ሳታውቁ ስትሠሩ ውላችሁ፣ ሥራው ይነቀላል በተባለው በአሮጌው ዲስክ ላይ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ከግልበጣ በኋላ ወይ አሮጌውን ንቀሉ፣ ወይ ለአዲሱ ሌላ ስም አውጡለትና በዝርዝሩ ፋይልና በግረብ ውስጥ አስተካክሉ።

የእነዚህ ለውጦች ወሬ ወደ እኛ የመጣበት መንገድም በፖስታ ሣጥን ያለፈ ነው። ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ የመሠረተው ኡቡንቱ የመጀመሪያውን ሥሪት በጥቅምት 2004 ካወጣ በኋላ፣ ለጠየቀ ሁሉ ሲዲ በነፃ በፖስታ ይልክ ነበር፤ አገልግሎቱ የተዘጋው በሚያዝያ 2011 ነው። ያኔ 700 ሜጋባይት ማውረድ እዚህ አገር ቀልድ ነበር። ሲዲው «ላይቭ» ነው፦ ሃርድ ዲስኩን ሳይነካ፣ ምንም ሳይጫን፣ ከራሱ ይነሳል። ቫይረስ የበላው፣ አልነሳም ያለ ማሽን ውስጥ ሲዲውን ከትታችሁ ብታበሩት ፋይሎቻችሁ እንዳሉ ቁጭ ብለው ታገኟቸዋላችሁ። «ማሽኑ ሞተ» እና «ፋይሌ ጠፋ» ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ሰው በዓይኑ የሚያየው እዚያ ላይ ነው።

በ2010 አካባቢ የነበረውን ያንን ሲዲ ያስነሳ ሰው አንድ ነገር አይረሳም። መጀመሪያ የሚመጣው የቋንቋ ምርጫ ነው፤ በዝርዝሩ አናት ላይ፣ ከዓረብኛም ከቡልጋሪያኛም በፊት፣ አማርኛ አለ። ደስ ይላል። ግን የተጻፈው በላቲን ፊደል ነው። ዓረብኛው በዓረብኛ፣ ቡልጋሪያኛው በራሱ ፊደል ተጽፎ ሳለ የእኛ በእንግሊዝኛ ስሙ ተቀምጧል። ሲስተሙ ራሱ ግዕዝ ያውቃል። ፊደላችን በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገብቷል፤ የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ሰዎች የቀኖቹንና የወሮቹን ስም፣ የብሩን አጻጻፍ የያዘውን የኢትዮጵያ አማርኛ ፋይል ለሊኑክስ አዘጋጅተዋል። ፊደል ያልነበራት ሲስተሙ ከመነሳቱ በፊት ያለችው ያቺ ጠባብ መግቢያ ናት። ስማችን ዝርዝሩ ላይ ነበር፣ ፊደላችን ግን ደጅ ቀርቷል።

በዚያው ዘመን፣ ከ2008 ጀምሮ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ አረንጓዴና ነጭ የኤክስኦ ላፕቶፖች ወደ ኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ገብተዋል። «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ፕሮጀክት ማሽኖች ናቸው፤ የሚሠሩት በሊኑክስ ነው፣ የአማርኛ ኪቦርድም ተዘጋጅቶላቸዋል። ሃርድ ዲስክ የላቸውም፤ ሲስተሙ ያለው በ1 ጊጋባይት ፍላሽ ሜሞሪ ላይ ነው። ሲበላሹ ሲስተሙ የሚታደሰው ከውጭ በሚሰካ ፍላሽ ሲሆን፣ ከስክሪኑ ጎን ያሉትን አራት የጨዋታ ቁልፎች አንድ ላይ ተጭኖ ማብራት ብቻ ይበቃል። ከሌላ ዲስክ መነሳት በልጅ ጣት እንዲሆን ተደርጎ የተሠራ ማሽን ነበር ማለት ነው።

ዛሬ ሁሉም ተፈትቷል ብላችሁ እንዳትዘናጉ። የምሠራበት ቢሮ ኦሎምፒያ አካባቢ ስለሆነ ሰው ላፕቶፑን ይዞ ጎራ ይላል፤ «ሶፍትዌር ነው የሚሠራው» ከተባለ ፍሪጅም የምጠግን ይመስላቸዋል። አንድ ቀን የማስተርስ ጥናቷን ልታቀርብ ቀናት የቀራት ጎረቤቴ መጣች። መብራት ሄዶ ሲመጣ ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል። የወሰደችበት ጥገና ቤት «ዲስኩ ሌላ ማሽን ላይ አይነሳም፣ ፎርማት አድርገን እንጠቀምበት» ብሏታል። መረጃው፣ የትንተና ፕሮግራሞቹ፣ ግማሽ የተጻፈው ምዕራፍ፣ ሁሉም ኡቡንቱ ላይ ነው።

«ወንድሜ፣ ጥናቱ ብቻ ይውጣልኝ እንጂ ማሽኑ ገደል ይግባ» አለችኝ።

ዲስኩን አውጥተን አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ከነበረው ዲስክ ጎን ሰካነው። አልተነሳም። ጥገና ቤቱ ልክ ነበር ማለት ነው? አልነበረም። ከ2012 ዊንዶውስ 8 ወዲህ ባዮስን በስፋት የተካው ዩኢኤፍአይ፣ ምን ከየት እንደሚነሳ የሚገልጸውን ዝርዝር የሚያስቀምጠው ማዘርቦርዱ ላይ ባለች ሜሞሪ ነው። ዲስኩ ስሙን እንደያዘ ነው፤ ስሙ የተመዘገበበት መዝገብ ግን ከተቃጠለው ማዘርቦርድ ጋር ቀርቷል። ከድሮ ቀበሌው መሸኛ ሳይዝ አዲስ ቀበሌ የሄደ ሰው በሉት። ሰውየው ሰውየው ነው፣ ወረቀት የለውም እንጂ።

ለዚህም ሕጉ በር ትቷል። ማንኛውም ዩኢኤፍአይ ማሽን መዝገብ ከሌለው ዲስኩ ላይ አንድ የታወቀ ቦታ ያያል፦ «ኢኤፍአይ» በሚባል ፎልደር ውስጥ «ቡት» የሚል ፎልደር፣ በውስጡ ስሙ አስቀድሞ የተወሰነ ፋይል። ከላይቭ ፍላሽ አነሳነው፣ ወደ እሷ ሲስተም ገባን፣ ግረብን «ተነቃይ» በሚለው አማራጭ እዚያ ቦታ ላይ ጫንነው። ፍላሹን ነቅለን አበራን። በድሮ ማሽኗ ኤስዲኤ የነበረው ዲስክ እዚህ ኤስዲቢ ነው። ከርነሉ ግን ተራውን አልጠየቀም፤ ስሙን ጠራ፣ አገኘው። ኡቡንቱ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጭነው ትንሹ ሲስተም ለአንድ ማሽን ብቻ ሳይሆን ለብዙ ዓይነት ማሽን የሚሆኑ ድራይቨሮችን ስለሚይዝ አዲሱ ቤት አላደናገረውም። የዴስክቶፗ ሥዕል፣ የከፈተቻቸው ፎልደሮች፣ ሁሉም እንደነበሩ መጡ። ጥናቷን በቀኑ አቀረበች።

ከዚህ ታሪክ የምወስደው ይህን ነው። «አይነሳም» ብዙ ጊዜ «የት እንዳለ አላውቅም» ማለት ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት የማያውቅ ሰው ደህናውን ዲስክ ፎርማት ያስደርጋል። ስለዚህ ማሽናችሁ ደህና ሳለ ሦስት ነገር አድርጉ። የፓርቲሽኖቻችሁን ዩዩአይዲ ወረቀት ላይ ጻፉት። የምትነሳ ላይቭ ፍላሽ መሳቢያ ውስጥ ይኑራችሁ፤ አንዴ ሞክራችሁም እዩዋት፣ ያልተሞከረች ፍላሽ የለችም ማለት ነው። ግረብንም ማንም ማሽን የሚያየው ያ የታወቀ ቦታ ላይ አሁኑኑ ጫኑት፣ የአንድ መስመር ትእዛዝ ነው። ሥራችሁን ሌላ ቦታ መገልበጡ ደግሞ ሳይነገር የሚታወቅ ነው፤ ዲስክም ይሞታል።

መብራት ሲሄድና ሲመጣ የሚተርፈውን እኛ አንመርጥም። የተረፈው በስሙ ሲጠራ «አቤት» እንዲል ማድረግ ግን በእጃችን ነው።